በሕይወት አለሁ፤ የጎደለኝ ማኅተም ነው

ለክቡር «በሕይወት ስለመኖር ማረጋገጫ»
ባሉበት መስኮት

ጉዳዩ፦ አለመሞቴን ስለማሳወቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም፤ ወረቀት አይታመም፣ መድኃኒት አይገዛ።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ የአዳማ ፀሐይ ሳትበረታ ብዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ወረፋ ያዝኩልዎ። ማለትም ድንጋይ አስቀመጥኩ። ከድንጋዬ በፊት 17 ድንጋይ፣ አንድ የጀበና ስባሪና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተሰልፈዋል። አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «አባባ፣ ጡረታዎ ታግዷል። በሕይወት መኖርዎ አልተረጋገጠም» አለችኝ።

«ይኸው መጣሁ» አልኳት።

«እሱማ እኔ አየሁዎት፤ ሲስተሙ ነው ያላየዎት።»

እንዲያየኝ ጣቴን መሣሪያው ላይ አኖርኩ። ቀይ አበራ። «ላብ ይሆናል» ብላ ሶፍት ሰጠችኝ። ጠረግሁ፤ ቀይ። «አሁን ደግሞ ደረቀ፤ ግንባርዎን አሸት ያድርጉበት፣ ወዝ ይፈልጋል።» የ67 ዓመት ሰው፣ ሕዝብ ከኋላዬ ቆሞ እያየ፣ የግንባሬን ወዝ ጣቴን ቀባሁት። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ማርያም ጣት። ቀኙ አልቆ ግራው ተጀመረ። ከኋላ አንዱ «የእግራቸውን ሞክሪው!» ሲል ወረፋው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በመጨረሻ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሰው መርዶ እንደምትነግር ሁሉ፣ «አባባ፣ አሻራዎ ጠፍቷል» አለችኝ።

አልጠፋም፤ አልቋል። 38 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ጠመኔ በልቶታል።

እናም እርስዎን ከቀበሌ ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ። እርስዎ ደግሞ በባዶ እጅ አይገኙም፤ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ቴምብር፣ ሦስት ምስክር። (የቅጥር ደብዳቤዬ «ናዝሬት» ይላል፣ መታወቂያዬ «አዳማ»፤ ይህም ራሱን የቻለ ምርመራ ነበር። ከተማዋ ስሟን ስትቀይር ሦስት ምስክር የጠየቃት ሰው አልሰማሁም።) አንዱ ምስክሬ ጎረቤቴ ነው። ሁለተኛው የእድራችን ጸሐፊ፤ «እሱ ቢሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለኔ ነው፤ እስካሁን አልተነገረኝም» ብሎ ፈረመ። ሦስተኛው ለ20 ዓመት አብሮኝ ያስተማረ ጓደኛዬ ነበር። እሱን መለሱት፤ ለካ የሱም ታግዷል። ያልተረጋገጠ ሰው ስለ ሰው ሕይወት አይመሰክርም።

ነገሩ ሲበዛ ጡረተኞች ዓርብ ከሰዓት እድሩ ግቢ ተሰብስበን አቤቱታ ጻፍን። አበላችን ከኑሮው ጋር ይስተካከል፤ በ2002 የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ጡረተኛንም ይጨምራልና ከወረቀት ወርዶ ያክመን። ደንቡ ለዚህ ከጡረታችን 1 በመቶ ይቆረጥ ይላል፤ ይቆረጥ፣ መቆረጡን እንደሆን ለምደነዋል። 83 ሰው ፈረመ። ከፈራሚዎቹ ሁለቱ፣ ዓይናቸው ስለደከመ፣ እጃቸውን ይዘን አስፈረምናቸው። አቤቱታው በሳምንቱ ተመለሰ፤ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የፈራሚዎቹ በሕይወት ስለመኖር ማረጋገጫ ተያይዞ ይቅረብ» የሚል ተጽፎበታል።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ። አንተ ወረቀት! መጀመሪያ 4 በመቶ፣ ኋላም 7 በመቶ ከደሞዜ ሲቆረጥ አንድም ወር «በሕይወት አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሲቆረጥ ሕያው ነኝ፤ ሊከፈለኝ ሲል ነው የምሞተው? ስሌቱን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ለቀሪው 28 ዓመት በየዓመቱ 1.25፣ ድምሩ 65 በመቶ። ከመቼ ደሞዝ? ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ። ያ ደሞዝ በወጣሁበት ቀን እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ጤፉ ግን ጥሎን ሄደ። አንተ ባልመጣህበት ወር የግፊት ክኒኔን ለሁለት እየሰበርኩ ዋጥኩ። የባለቤቴ ኢንሱሊን አይሰበርም። ከፍሪጁ ያወጣችውን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ ስንት እንደቀረው ስታይ፣ እኔ ደግሞ እንዳላየ ሰው ወደ በር ስመለከት፣ አንተ መሳቢያ ውስጥ ማኅተም ትጠብቅ ነበር።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡርነትዎ፣ ግፊቴ ነው።

የጳጉሜን ነገር አላነሳም፤ ጡረተኛ በነዚያ ቀናት እንደማይበላ የታወቀ ነው።

በተረፈ ሦስተኛ ምስክር አግኝቻለሁ፤ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው። ከቀበሌ መስኮት፣ ከመስኮት ቀበሌ ሲያመላልሰኝ ሰንብቷልና መኖሬን በሒሳብ ያውቀዋል፤ እስከ ትናንት ያለብኝን ዱቤ ጽፎ ይዟል። ከሞትኩ የሚከስረው እሱ ስለሆነ የሱ ምስክርነት ክብደት እንዲሰጠው በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጸሐፊ (ሲስተሙን ሰምቶ ድንኳን እንዳይተክል)