ለጎልማሳው የርቀት ተማሪ መውጫ ፈተናው ውለታ ነው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዳንግላ፣ የመንግሥት ቢሮ ገብታችሁ የጠረጴዛ ኪስ ብትከፍቱ ሞጁል፣ ማለትም የርቀት ትምህርት መማሪያ ጥራዝ፣ አይጠፋም። ባለጉዳይ ሲቀንስ ይወጣል። ኃላፊ ብቅ ሲል ይገባል። አንባቢው ልጅ እግር አይደለም። ዲፕሎማ ይዞ የተቀጠረ፣ ዐሥራ አምስት ሃያ ዓመት የሠራ፣ አዲስ ገቢዎችን ሥራ ያስለመደ ሰው ነው። ድልድል ሲመጣ ግን ያስለመዳቸው ልጆች አለቃው ሆነው አረፉት። እነሱ ዲግሪ አላቸዋ!

ይህ ሰው ዛሬ የሚፈራው አንድ ነገር የመውጫ ፈተናን ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ፣ በመደበኛም ይማር በርቀት፣ ይህን ፈተና ማለፍ አለበት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። የዚያን ዙር ውጤት ብዙዎቻችን አንረሳውም። 150,184 ሰው ተፈትኖ ያለፈው 61,054 ነበር፤ 40.65 ከመቶ መሆኑ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62.37 ከመቶ ሲያሳልፉ የግሎቹ 17.2 ላይ ቀሩ። የርቀት ተማሪም በብዛት የሚገኘው እዚያው የግሎቹ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በቢሮ የሻይ ሰዓትም፣ ለቅሶ ቤትም አንድ ክርክር እሰማለሁ። «ሠራተኛና ቤተሰብ አስተዳዳሪ ከልጅ እኩል እንዴት ይፈተናል? ወይ ይቅርልን፣ ወይ ቀለል ያለ ይዘጋጅልን» ይባላል።

እኔ አልስማማም። ፈተናው ከቀለለለት መጀመሪያ የሚጎዳው ይኸው ሰው ነው።

እስቲ ከፈተናው በፊት የነበረውን እናስታውስ። አንድ ሰው ዲግሪ አለኝ ሲል «የት ተማርክ?» ይባላል። «በርቀት» ካለ ጠያቂው ከንፈሩን ይመጣል ወይም ዝም ይላል። ዝምታው ይብሳል። መንግሥት ራሱ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የርቀት ትምህርትን ከነጭራሹ አግዶ ነበር። ቆይቶ መስፈርቱን ላሟሉ ተቋማት ተፈቀደ። ጥርጣሬው ግን አብሮ አልተነሣም። ሌሊት ኩራዝ ለኩሶ ያነበበውም፣ ገንዘብ ከፍሎ አሳይመንት ያሠራውም በአንድ ዓይን ይታዩ ነበር። አሁን ሁለቱን የሚለይ ነገር መጣ። ያው ጥያቄ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የኮምፒውተር ክፍል። ያለፈ ሰው «በርቀት ነው» ቢባል ምን ይገደዋል?

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ፈተናውን የትም ለተማረ ሰው ክፍት አድርጓል። አንተ የትም አንብብ፣ እኔ እፈትንሃለሁ ነው ነገሩ። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲያገኙ እስረኛ ነበሩ። ወደ ቤታችን እንመለስ ካላችሁም የጎጃሞቹ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ አሉላችሁ። ቅኔ ቤት ማንም ዕድሜ አይጠይቅም። ጢሙ የሸበተውም፣ ገና ጠጉሩ ያልበቀለውም የኔታ ፊት ቆሞ የቆጠረውን ይናገራል። ቅኔው ወይ ይሞላል፣ ወይ ይጎድላል። «ልጆች አሉኝ» ብሎ የቅኔው ቤት፣ ስንኙ፣ የሚቀነስለት የለም። የዚያ አገር ሰው ሆነን ፈተና ይቅለልልን ማለታችን ትንሽ ይገርመኛል።

ደግሞ ጎልማሳው ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ የግብርና ባለሙያ አስቡ። በርቀት የግብርና ኢኮኖሚክስ ይማራል እንበል። ሞጁሉ ላይ «ኢላስቲሲቲ» የሚል፣ ዋጋ ሲለወጥ የሚገዛው መጠን ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ ምዕራፍ ይደርሰዋል። ምርት ሲትረፈረፍ የገበሬው ገቢ ሊቀንስ እንደሚችል በግራፍ ያስረዳል፤ ሰው በቆሎ ረከሰ ብሎ እጥፍ አይበላምና። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይሸመድዳል። ባለሙያው ግን በዓይኑ አይቶታል። በ1993 እና በ1994 በቆሎው ጢም ብሎ ተሰበሰበና ዋጋው ወደቀ። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ሸጦም ዕዳው አልተነሣለትም። በቀጣዩ ዓመት ብዙው ማዳበሪያ መግዛቱን ቀነሰ፤ ዝናቡም ተጨምሮ አጠረ። በ1995 በመላ አገሪቱ እርዳታ የጠበቀው ሰው ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበር። ያንን ዘመን በቡሬና በጃቢ ጠህናን ማሳ መካከል ያሳለፈ ሰው ግራፉን አንዴ ካየው አይረሳውም። ሞጁሉ የሚሰጠው ላየው ነገር ማብራሪያ ነው። በእኔ እምነት የርቀት ትምህርት ለሠራተኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ክፍሉ ሥራው ነው፤ ሞጁሉ ሥራውን ያፍታታለታል።

ችግሩ ብዙው ሰው የትምህርት መስክ የሚመርጠው እንዲህ አይደለም። «የቱ ይቀላል?» ይባላል። ወይም «የትኛው ላይ ክፍት መደብ አለ?»። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሶሲዮሎጂ ትመዘገባለች፤ መምህሩ ማርኬቲንግ። አራት ዓመት ሙሉ ያነበቡት ከዋሉበት ሥራ ጋር አይገናኝም። ማታ ደክሞት የመጣ ሰው የማያውቀውን ነገር ከዜሮ ሲጀምር ማንበቡን ይተወውና ወደ አሳይመንት ሠሪው ይሄዳል። ይህ ገበያ እንዳለ እናውቃለን። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ የመመረቂያ ጥናት ሳይቀር ስም ብቻ እየተቀየረ ይሸጣል። መውጫ ፈተናው ያጋለጠው ይህንን ነው። 17.2 ከመቶ ካየሁት በኋላ በፈተናው አልተናደድኩም። የተናደድኩት ለዓመታት ሞጁል አስረክቦ፣ አሳይመንት ሳያነብ ኤ እየሰጠ ገንዘብ በሰበሰበው ኮሌጅ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሁሉም ትምህርት በርቀት አይሆንም። ስናን ውስጥ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ሲበትን የኖረ ባለሙያ እንኳ የአፈር ኬሚስትሪን ያለ ላብራቶሪ በሞጁል ብቻ ልወጣው ቢል ልፋቱ ከንቱ ነው። ምዝገባ የሚያስተዋውቀው ግን ይህን አይነግረውም። ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቀውም «ኮሌጁ ፈቃድ አለው?» ብቻ መሆን የለበትም። ዕውቅና የሚሰጠው በየትምህርት መስኩ፣ በየካምፓሱና በየትምህርት ዓይነቱ ነው። ለመደበኛ የተፈቀደ ለርቀት ተፈቀደ ማለት አይደለም። የዕውቅናውን ደብዳቤ አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም። ቱቶሪያል፣ ማለትም ከመምህር ጋር ፊት ለፊት የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በትክክል ይሰጥ እንደሆነ ደግሞ ማስታወቂያውን ትታችሁ ባለፈው ዓመት የጨረሱትን ጠይቁ።

ሴቷን ተማሪ ለብቻ ማንሣት አለብኝ። ወንዱ ሞጁል ሲይዝ ቤቱ ዝም ይልለታል። «ጋሼ እያጠና ነው» ተብሎ ልጆች ወደ ውጭ ይባረራሉ። እሷ ሞጁል ስትይዝ ሊጡም፣ ልጁም፣ የማኅበሩ ድግስም እሷን ይጠብቃል። ቱቶሪያሉ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ፈተናው ለሁለቱም እኩል ይሁን እላለሁ። ለፈተናው የሚሆነው ጊዜ ግን እኩል አይደለም፤ ይህን የሚያስተካክለው ትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን ባል ነው።

የጎጃም ተማሪ ላይ ሌላም ተጨምሯል። ከነሐሴ 2015 በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ኖሯል። መንገድ ሲዘጋ ቱቶሪያል ይቀራል፤ አንዳንዱም ሞጁሉን ሳይወስድ ወሰነ ትምህርቱ ያልቃል። ይህ ሰበብ አይደለም፣ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ጥያቄውን ማቅለል አይደለም። ፈተናው ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ዙር ያለ ውጣ ውረድ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ኮሌጁም ላልሰጠው ቱቶሪያል የተቀበለውን ገንዘብ ይመልስ፤ ወይም ይካስ።

ሌላው እንቅፋት ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠቱ ነው። ሃያ ዓመት በእጁ ቫውቸር የሞላ ሰው መልሱን እያወቀ በማውሱ ይሸነፋል። ጊዜው በመፈለግ ያልቅበታል። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። የኮምፒውተር ክፍሎቻቸውን ከፈተናው በፊት ባሉት ጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ለርቀት ተማሪዎች መለማመጃ ቢከፍቱ፣ ቤተ መጻሕፍታቸውንም በኮሌጅ መታወቂያ ቢያስገቡ ብዙ ነገር ይቃለላል። መሥሪያ ቤቶችም ለፈተና ሳምንት ፈቃድ ሲጠየቁ «ሥራ በዛ» ማለቱን ይተዉ። ሠራተኛው ተምሮ ሲመጣ የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው፤ ደረጃ ዕድገቱን ሲያወጡም በቅድሚያ ማየት ያለባቸው ፈተናውን አልፎ ልምዱንም ይዞ የመጣውን ሰው ነው።