ሦስት ኪሎ ጫትና 30 ግራም ካናቢስ

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሰው፣ ለራሱ መጠቀሚያ ከ30 ግራም ያልበለጠ ካናቢስ ይዞ በመገኘት አንድ ጊዜ ቢቀጣ፣ በዚያ ጥፋት ብቻ ከአገር አይባረርም። የኢሚግሬሽን ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው ልዩ ሁኔታ ነው። ያው ሰው አንድ ዙርባ ጫት ይዞ ቢቀጣ ግን ይህ ምሕረት አይደርሰውም። ሕጉ ምሕረት ያደረገው ለካናቢስ ብቻ ነውና።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ቅጣት ሲያሰሉ የሚመለከቱት ሰንጠረዥ ደግሞ ሌላ ይናገራል። በዚያ ስሌት 1 ግራም ጫት ከ0.01 ግራም ካናቢስ ጋር እኩል ነው። አንድ ኪሎ ጫት 10 ግራም ካናቢስ፣ ሦስት ኪሎ ጫት 30 ግራም ካናቢስ መሆኑ ነው። መንግሥት እስራት ሲመዝን ጫትን ከካናቢስ መቶ እጥፍ ያቀለዋል፤ ሰው ሲያባርር ግን ከካናቢስ ያከብደዋል። ለዚህ ተቃርኖ በቂ ምክንያት የሰጠ ባለሥልጣን አላየንም። ኮንግረስ በዚያ ልዩ ሁኔታ ላይ ጫትን ከነሚዛኑ ቢጨምር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚስተካከል ጉዳይ ነው።

ቅጠሉን ጠጋ ብለን እንየው። ጫት በተክልነቱ በፌዴራሉ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልሰፈረም። የሰፈሩት በውስጡ ያሉት ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ የገባው ካቲኖን፣ እና አራተኛው መደብ ውስጥ ያለው ደካማው ካቲን። እርጥብ ቅጠል ላይ ካቲኖን አለ። ቅጠሉ እየጠወለገና እየደረቀ ሲሄድ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይለወጣል። ነጋዴው ጫቱን በእርጥብ የሙዝ ቅጠል የሚጠቀልለውም ይህን ለማዘግየት ነው። ስለዚህ ያው እሽግ ከባዱ መደብ ውስጥ ይገባል ወይስ ቀላሉ ውስጥ የሚለውን የሚወስነው ሰዓትና ሙቀት ነው። ይህ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ ላብራቶሪ ይፈልጋል።

የፖሊስና የጉምሩክ ተጠያቂነት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። መዝገቡ እሽጉ የተያዘበትን ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ የገባበትን ሰዓት፣ ላብራቶሪው ናሙናውን የከፈተበትን ቀን፣ መጠቅለያው ወጥቶ የተመዘነውን ክብደት መያዝ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጠበቃው ሊጠይቅ፣ ዐቃቤ ሕጉም ሊመልስ ይገባል። «ጫት ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን የትኛው ንጥረ ነገር እንደተገኘ አይናገርም።

ቅጠሉ በስሙ አለመጠቀሱ ሌላም ውጤት አለው። 6ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከአምስተርዳም ጫት ይዞ በገባ ሰው ጉዳይ ላይ፣ ሰውየው ጫቱ የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለበት ማወቁን መንግሥት ማስረዳት አለበት አለ። በቂ ማስረጃ ስላልቀረበም የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሻረ። ጫት በሕግ የሚሸጥበት፣ ግብር የሚከፈልበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ መከላከያ ነው።

ኢሚግሬሽን ፊት ግን መከላከያው ይሳሳል። ሰው ሳይፈረድበትም የዕፅ ወንጀል መፈጸሙን ካመነ መግቢያ ሊከለከል ይችላል። በዕፅ ንግድ መሳተፉን «ለማመን ምክንያት አለ» ከተባለም እንዲሁ። አየር ማረፊያ ላይ አስተርጓሚው በስልክ «ጫት ይቅማሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጠያቂው «አዎ፣ እቅማለሁ» ይላል። የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ብዕር ይህን «የተከለከለ ዕፅ እንደሚጠቀም አምኗል» ብሎ ሊያሰፍረው ይችላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ባጸናው መመሪያ፣ ንግግሩ የእምነት ቃል እንዲሆን የወንጀሉ ትርጉም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ቃሉንም በፈቃዱ ሊሰጥ ይገባል። ካቲኖን የሚባል ነገር ሰምቶ ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው ሊሰጠው ግን የግድ ነው። ቃሉም በአማርኛ ተነቦለት ሳይሰማ በየገጹ ግርጌ መፈረም የለበትም።

ብዙዎችን የሚጥል ሌላም ጉድጓድ አለ። በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ዓመቱን በሰላም ከጨረስክ መዝገቡ ይዘጋል» የሚባል ስምምነት ይቀርባል። ለዜጋ ጥሩ ነው። ለኢሚግሬሽን ግን ሰውየው ጥፋተኝነቱን ካመነና ዳኛው ገደብ ከጣለበት፣ መዝገቡ ኋላ ቢዘጋም ተፈርዶበታል ማለት ነው። ጠበቃ ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወስኗል። ፊርማ ከመኖሩ በፊት «ግሪን ካርዴን ይነካል?» ተብሎ ሊጠየቅና መልሱ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው እስር ቤት ነው። ከአንዷ የካናቢስ ልዩ ሁኔታ ውጭ ያለ የዕፅ ጥፋት አስገዳጅ እስር ያስከትላል፤ ቦንድ የሚጠየቅበት ችሎት የለም። መንግሥት ከፍሎ የሚያቆመው ጠበቃም የለም። 5 ዓመት ግሪን ካርድ ይዞ፣ 7 ዓመት ያለማቋረጥ የኖረ ሰው የኢሚግሬሽን ሕጉ «ከባድ» የሚለው ወንጀል ከሌለበት ዳኛው ሊምረው ይችላል፤ የሚያመለክተው ግን ታስሮ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አስገዳጅ እስር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያጸድቅ፣ ይግባኝ የሚሉት እንኳን የሚታሰሩት 5 ወር ገደማ ነው ብሎ ነበር። ቁጥሩን የሰጠው መንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥት ራሱ ስህተት መሆኑን ለፍርድ ቤቱ በደብዳቤ አመነ፤ ትክክለኛው አማካይ 382 ቀን ሆኖ ተገኘ። ከዓመት በላይ! ውሳኔው ግን እስካሁን በሥራ ላይ ነው፤ ሰዎችም ዛሬም በእርሱ ይታሰራሉ።

ጉምሩክ ጫት ሲይዝ ኪሎውን ጠቅሶ መግለጫ ያወጣል። ከኪሎው ጎን ላብራቶሪው ካቲኖን ማግኘት አለማግኘቱ፣ ስንት ሰው ተከሶ ስንቱ ነፃ እንደወጣ፣ ስንቱ ወደ ኢሚግሬሽን እስር እንደተላለፈና በአማካይ ስንት ቀን እንደታሰረ በየዓመቱ ይውጣ። 382 ቀን እስኪታወቅ 13 ዓመት ፈጅቷል።