እርማት፦ ኦፔክ የነዳጅ ዋጋ አይተምንም

ወንድም፣ «ኦፔክ (የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር) ተሰብስቦ ዋጋ ከቀነሰ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ናፍጣ መቀነስ አለበት» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ቢሆንም ልክ አይደለም።

ኦፔክ የበርሜል ዋጋ ቆርጦ ማውጣቱን ከተወ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አባላቱ የሚስማሙት በቀን ስንት በርሜል እንደሚያመርቱ ነው። ለየአገሩ የተመደበው የምርት መጠን (ኮታ) ሁሌ አይከበርም፤ በጀት የጠበበው አገር ሹልክ ብሎ ትርፍ ያመርታል። ቢከበርም ዋስትና የለውም፦ ኦፔክ ፕላስ (ኦፔክና እንደ ሩሲያ ያሉ አጋሮቹ) የወደቀውን ዋጋ ለመደገፍ ሚያዝያ 2012 ላይ ምርታቸውን በቀን 9.7 ሚሊዮን በርሜል ለመቀነስ ተስማሙ። ስምንት ቀን ቆይቶ፣ በኮሮና ምክንያት ገዢም ማከማቻም ጠፍቶ፣ የአሜሪካ ድፍድፍ (ያልተጣራ ዘይት) በግንቦት የሚረከቡት ውል በበርሜል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገባ። ከአሜሪካ፣ ከብራዚልና ከጉያና የሚወጣው ዘይት ደግሞ ከነጭራሹ በኮታው አይገዛም።

ወደ እኛ የሚመጣው ድፍድፍ ሳይሆን የተጣራ ናፍጣ ነው፤ የራሱ ገበያ አለው። በርሜል 159 ሊትር ስለሚይዝ፣ ድፍድፍ 10 ዶላር ቢወርድ በሊትር 6 ሳንቲም ተኩል እንኳ አይሞላም (የዶላር ሳንቲም ነው)። ዶላሩን በ130 ብር ብታሰላው 8 ብር ገደማ። ብር በዚያው ጊዜ ከተዳከመ ቅናሹ መንገድ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ የመርከብ ኪራይ፣ ከጅቡቲ የቦቴ ማጓጓዣና ታክስ አለ፤ የማደያውን ዋጋ የሚያወጣውም መንግሥት እንጂ ማደያው አይደለም። መሃል ሜዳ ከተማ ላይ በጀሪካን የሚቸረቸረውማ ሌላ ጉድ ነው።

ስለዚህ ስብሰባውን ትተህ የናፍጣን ዓለም አቀፍ ዋጋና የባንክ ምንዛሪን ተከታተል።