ዳንስ ስማርትሊን «ከባዝራዎቹ» ማለት ይቅር

የካናዳ የእሽቅድምድም ፈረሶች ሲነሱ ዳንስ ስማርትሊ «ከባዝራዎቹ አንደኛ» ትባላለች። «ከባዝራዎቹ» የምትለዋ ቃል ለእኔ አትዋጥልኝም። ያሸነፈቻቸው እኮ ወንዶቹን ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. 1991ን እንይ። ሦስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዓመት ስምንት ጊዜ ሮጠች፤ ስምንቱንም አሸነፈች። ከስምንቱ ሦስቱ የካናዳ የሦስትዮሽ ዘውድ ውድድሮች ናቸው። ቶሮንቶ፣ ውድባይን ላይ ኩዊንስ ፕሌትን በስምንት ፈረስ ርዝመት ወሰደች። ፎርት ኢሪ ሄዳ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስን ደገመች። የቀረው ብሪደርስ ስቴክስ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁለቱ ውድድሮች የተሮጡት አፈር ላይ ነው። ብሪደርስ ግን ሣር ላይ ነው፤ ርቀቱም 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፈር የለመደ ፈረስ ሣር ሲረግጥ ከኮቴው ሥር ያለው መሬት ሌላ ይሆንበታል። ስንቱ ጎበዝ ፈረስ አፈሩ ላይ በርሮ ሣሩ ላይ ይፈዛል። እሷ አልፈዘዘችም። ያንንም ጠቀለለችው። ሦስቱንም ዘውድ የደፋች ባዝራ ከእሷ በፊት አልነበረችም፤ እስካሁንም አልተገኘችም።

«ለባዝራ ክብደት ይቀነስላታል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይቀነስላታል። ግን የሚቀነሰው ጥቂት ኪሎ ነው። ስምንት ፈረስ ርዝመት በጥቂት ኪሎ አይመጣም።

ቀጥሎ ሞልሰን ሚሊዮን የሚባለው ውድድር መጣ፤ ወንዶቹን እንደገና አስከተለቻቸው። ከዚያ ኬንታኪ፣ ቸርችል ዳውንስ ላይ ፓት ዴይ እየጋለባት የብሪደርስ ካፕ ዲስታፍን አሸነፈች። ዲስታፍ የባዝራዎች ብቻ ውድድር ነው። «ከባዝራዎቹ አንደኛ» የሚለው አባባል ልክ የሚሆነው እዚያ ቀን ላይ ነው።

በ1992 እንደ ቀድሞው አልቀናትም። ቢሆንም በሩጫ ዘመኗ 17 ጊዜ ወጥታ 12ቱን አሸንፋለች። በቀሩት አምስቱም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆናለች እንጂ ከዚያ በታች ወርዳ አታውቅም። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ወንድ ፈረስ ቢሆን ኖሮ «ከወንዶቹ አንደኛ» ይባል ነበር? በፍጹም! «ታላቁ ፈረስ» ተብሎ ያልቅ ነበር።

ሩጫ አቁማ ስትወልድም ዝም አላለችም። ወንዱ ልጇ ስካተር ዘ ጎልድ በ2000 ኩዊንስ ፕሌትን ወሰደ። በዓመቱ፣ በ2001፣ ያንኑ ውድድር ዳንስስሩዘዶውን አሸነፈች። እሷም የዳንስ ስማርትሊ ልጅ ናት። እሷም ባዝራ ናት፤ ከኋላዋ የቀሩትም ወንዶቹ ነበሩ።