ሜኑውን ካለበት አታንቀሳቅሱት!
የጎብኚውን አስተሳሰብ ከጠቅታው እየገመቱ መልካቸውን የሚቀይሩ ድረ ገጾች አሉ። ገና ሦስቴ ጠቅ ሳይደረግ ገጹ ተገለባበጠ! ሜኑው ከላይ ወደ ጎን ሄደ፣ ሰንጠረዡ ሥዕል ሆነ። ለምን? «አስተሳሰብዎን አውቀን ነው» ይላሉ የገጹ ባለቤቶች። በሦስት ጠቅታ? ሰው ሥዕሉን የነካው ሥዕል ስለሚወድ ነው ወይስ ሥዕሉ ትልቅ ስለነበር? በ2009 እ.ኤ.አ. የግብይት ተመራማሪው ሃውዘርና ባልደረቦቹ ይህን መልኩን የሚቀይር ድረ ገጽ ሐሳብ ሲያቀርቡ ግምቱ በየጠቅታው በቤይዝ ስሌት (አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ግምት በሚያስተካክል የዕድል ስሌት) እየታደሰ ነበር። ታዲያ ይህ ጥድፊያ ከየት መጣ? ኩኪው (ገጹ ጎብኚውን የሚያስታውስበት ትንሽ ፋይል) ሲጠፋስ? እንደገና ከዜሮ! አንድ ኮምፒውተር ሦስት ሰው ሲጠቀምበትስ? ጠቅታው ተደባልቆ የማንም ያልሆነ አእምሮ ይፈጠራል። ቅጽ እየተሞላ መሃል ላይ መቀየሩ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። የማብራሪያው ርዝመት ይቀየር፣ ሰንጠረዡም በግራፍ ይተካ፣ እሺ። ሜኑውና የመፈለጊያው ሳጥን ግን ምን አደረጉ? «ወደነበረበት መልስ» የሚል አንድ ቁልፍ ማስቀመጥስ ይህን ያህል ይከብዳል?