የጠየቀው ስለ ማቋረጥ ብቻ ነበር

ስለ ገንዘብ ማጠብ፣ ማለትም በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ ስለ ማስመሰል፣ ለዋስትና ሻጮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ደንበኛው ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመጣ ተጠንቀቁ» ይላል። ልክ ነው። ግን ደሴ ላይ የሕይወት ዋስትና ስሸጥ ያስደነገጠኝ ገንዘቡ አልነበረም፤ እዚህ በጥሬ ገንዘብ የሚሠራ ነጋዴ ብዙ ነው። ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። አንድ ሰውዬ የ15 ዓመቱን አረቦን (የዋስትና ክፍያ) ባንዴ ሊከፍል መጣ። ልጆቼ ምን ያገኛሉ አላለም። «ከወራት በኋላ ባቋርጠው ስንት ይመለሳል? ቼኩስ በሌላ ሰው ስም ይሆናል?» አለኝ። በማቋረጡ የሚቆረጥበት ገንዘብ ምንም አልመሰለው። ገንዘቡ በኩባንያው ቼክ ንጹሕ መስሎ እንዲወጣለት የፈለገ መሰለኝ። አለቃዬ «አብሽሪ፣ ኮሚሽንሽን አስቢ» አለኝ። በጣም አዘንኩ። ሰውዬው ሳይፈርም ሄደ።

አዲስ ሻጮች፣ ሙከራውም ቢሆን ሪፖርት ይደረጋል። ለኮምፕሊያንስ ክፍሉ (ሕግ መከበሩን ለሚከታተለው የኩባንያችሁ ክፍል) በጽሑፍ አሳውቁ፤ እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ወደሚቀበለው የመንግሥት ተቋም፣ ወደ ፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ የሚልኩት እነሱ ናቸው። ማስረጃ እስክታገኙ አትጠብቁ። ለደንበኛው ግን ትንፍሽ እንዳትሉ፤ ሕጉ ይከለክላል።