ጠብታ ለማይቆጥሩ ጀግኖች

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ ስትወጣ አየኋትና ደነገጥኩ። ለቅሶ መስሎኝ እናቷን «እትዬ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው። ማንም አልሞተም። ልጅቷ ለብጉሯ ብላ ቲ ትሪ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የወጣ ዘይት ከጠርሙሱ ቀጥታ ፊቷ ላይ አፍስሳ አድራ ነው። ብጉሩ እንዳለ ነው። የሄደው ቆዳው ነው።

«ማን አዘዘላት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ስልኳ!» አሉኝ።

መቼም እናንተም ቤት አንዷ አትጠፋም። ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ፣ አፏ ላይ ማንጠብጠቢያ ያላት፣ «መቶ በመቶ ናቹራል» የሚል የተለጠፈባት። ኢሴንሻል ኦይል ይሏታል፤ ከቅጠል፣ ከአበባ፣ ከልጣጭ የወጣ ጠንካራ ዘይት ናት። በእሷ የተነሳ የተላጠ አንድ ዘመድም አታጡም። ስለዚህ ወቀሳው ይቅር፣ ሰልችቶናል። ዛሬ ምስጋና ነው። ሳያቀጥኑ፣ ሳይለኩ፣ ሳይሞክሩ ገላቸው ላይ ለሚያንዶለዱሉ ጀግኖች እጅ እንነሳለን። አንበሶች!

የሚገርመኝ ጎጃም ውስጥ ማቅጠን የማያውቅ ቤት አለመኖሩ ነው። ድፍድፍ በዋንጫ ተቀድቶለት የጠጣ እንግዳ አይታችኋል? እናቶቻችን ውኃ ጨምረው፣ ቀምሰው፣ «ገና ወፍራም ነው» ብለው ደግመው ጨምረው፣ አጥልለው ነው ለሰው የሚያቀርቡት። እንዲህ ልክ የሚያውቅ እጅ ጠርሙሷን ሲጨብጥ ግን ልኩ ሁሉ ይጠፋዋል። ከ100 ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ዘይት አንድ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ቅጠል ተተንኖ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ መዳፋችን ላይ ሲፈስ የእኛ መልስ አንድ ነው፦ «ቅጠል እኮ ነው!» እውነት ነው፣ ቅጠል ነው። ሳማም ቅጠል ነው። ፊቱን በሳማ የሚታጠብ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጀግኖቹ ሁሉ አንዱን ግን አብልጬ እወደዋለሁ። በየሰፈሩ አለ። ፍኖተ ሰላም አለ፣ ሞጣ አለ፣ ቡሬ አለ። አያ እገሌ እንበለው። አያ እገሌ ጉልበቱን ያመዋል። ልጁ ከባሕር ዳር የቅርንፉድ ዘይት አመጣለት። (የቅርንፉድ ዘይት ቆዳ ላይ ከግማሽ በመቶ እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። ለ30 ሚሊ ሊትር ተራ ዘይት ሦስት ጠብታ ማለት ነው። አያ እገሌ ይህን ቢሰማ ሳቁ ከወዲያኛው ሰፈር ይሰማ ነበር።) ግማሽ ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ ገለበጠው። አቃጠለው። «እየሠራ ነው» አለ። ቀላ። «ደሙ መዘዋወር ጀመረ» አለ። አሳከከው። «በሽታው ሊወጣ ነው» አለ። ውኃ ቋጠረ። «ይኸው ወጣ!» አለ። ተላጠ። «አሮጌው ቆዳ ሄደልኝ» አለ። ይህን ሰው በምን ትረቱታላችሁ? ቢሻለው ዘይቱ ነው። ቢብስበት ዘይቱ እየሠራ ነው። እግሩ ከነጉልበቱ ተቆርጦ ቢወድቅም «ከነሥሩ ነቀለው» ብሎ ያመሰግናል።

ሚስቱ ደንግጣ ማሰሮ ሙሉ ውኃ አፈሰሰችበት። ውኃና ዘይት አይዋደዱም፤ ውኃው ዘይቱን አላጠበውም፣ ይዞት ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ እንጂ። ያም ማቃጠል ጀመረ። አያ እገሌ ደስ አለው። ለካስ ቁርጭምጭሚቱንም ያመው ነበር! በማግስቱ ማኅበር ሄደ። ቤቱ ቅርንፉድ ሸተተ፣ ጠላው ቅርንፉድ ሸተተ፣ ዳቦው ቅርንፉድ ሸተተ፣ የንስሐ አባቱ ጸሎቱን አሳጠሩት። «ኧረ ምንድን ነው?» ሲባል ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳየ። ሰው «ውይ!» አለ። እሱ አድናቆት መሰለውና ጠርሙሱን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል! አንዱ ለወገቡ፣ አንዱ ለማጅራቱ፣ አንዷ ለራስ ምታቷ ግንባሯ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ለበሬው የቀንበር ቁስል ትንሽ በብልቃጥ ተቀድቶለት ሄደ። ሲነጋ የማኅበሩ ሰው በሙሉ እየተላጠ ይደዋወላል። «አንተስ ጀመረልህ?» «ጀመረልኝ፣ ክብሩ ይስፋ!» እምቢ ያለው በሬው ብቻ ነው። ገና ሲነካው ባለቤቱን ጥሎት በአጥር ዘሎ ሄደ። ከመካከላቸው መማር የማያስፈልገው እሱ ነበር።

ሌላው ጀግና ፀሐይ የማይፈራው ነው። ፊት ያቀላል ተብሎ ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ዘይት ይቀባና ረፋድ ላይ ይወጣል። ማርቆስ እኮ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። በተጨመቀ የሎሚና የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ ነው) ዘይት ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለ። ከተቀባችሁ በኋላ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ የተቀባው ቦታ ፀሐይ አይንካው የሚባለው ለዚህ ነው። ጤና አዳምም ያው ነች። ቡና ስኒ ላይ ስትንሳፈፍ ጨዋ ነች፤ ጭማቂዋን ክንዳችሁ ላይ አሽታችሁ ፀሐይ ላይ ብትውሉ ግን ቆዳችሁ ውኃ ይቋጥራል፣ ምልክቱም ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እና ያ ሊቀላ የወጣው ወንድማችን ጠቁሮ ይመለሳል። ምን ይላል? «ዘይቱ ፎርጅድ ነው!» ሌላ ይገዛል። ይበል!

ሻጮቹንም መርሳት ግፍ ነው። ጥቁር አዝሙድ ዘይትና የባሕር ዛፍ ዘይት አንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ይደረድሩላችኋል። የመጀመሪያው ከፍሬው የተጨመቀ የቅባት ዘይት ነው። ሁለተኛው በእንፋሎት የወጣ፣ ያለ ሌላ ዘይት ቆዳ መንካት የሌለበት ነው። «ስንት ጠብታ ነው ወንድሜ?» ስትሉት «እንደ አቅምህ» ይላል።

አሁን ግን አንድ ነገር ላይ ልቆጣ። አፍንጫው ተዘጋ ብሎ የሦስት ወር ሕፃን አፍንጫ ሥር የባሕር ዛፍ ዘይት የሚቀባ ሰው ጀግናም አይደለም፣ አዋቂም አይደለም። የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። የሚንት (የናና) ዘይትም እንደዚሁ ነው። ክዳኗ ላልቶ መደብ ላይ የተረሳች ጠርሙስ ደግሞ ልጅ አፍ ውስጥ ከገባች ጥቂት ሚሊ ሊትር እንኳ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ይህን ስትናገሩ «እኛም በባሕር ዛፍ ነው ያደግን» ይሏችኋል። ውሸት ነው! እናንተ ያደጋችሁት ቅጠሉ ድስት ውስጥ ሲፈላ በእንፋሎቱ ነው። ጠርሙሱን ያኔ ማን ያውቀው ነበር? ልጁ አፍ የለው፣ «አቃጠለኝ» አይል። ሲያለቅስ ደግሞ «እየሠራለት ነው» ትላላችሁ። ያበግናል!

እሺ፣ ወደ ምስጋናው። በጀግኖች መካከል ፈሪም አይጠፋም። ዳንግላ አንዲት ፈሪ አውቃለሁ። የኑግ ዘይት በሾርባ ማንኪያ ትለካለች፣ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለፊቷ ከሆነ ሦስት ጠብታ ትጨምርበታለች፣ ለገላዋ ከሆነ ስድስት። አንድና ሁለት በመቶ መሆኑ ነው። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀላቅላም አትቀባው፤ ክንዷ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ነካ አድርጋ አንድ ሁለት ቀን ትጠብቃለች። ካቃጠላት ውኃ አትደፋበትም፣ በተራ ዘይት ጠርጋ በሳሙና ትታጠባለች። ገላ መታጠቢያ ውኃዋ ላይም አታንጠባጥብም፤ ዘይቱ ላይ ላዩን እንደሚንሳፈፍና ሳይቀጥን ገላዋ ላይ እንደሚለጠፍ ታውቃለች። ጠርሙሷን መስኮት ላይ ፀሐይ አታስመታም፤ ያረጀ ዘይት ይብሱን ቆዳ ያስቆጣል። ቆዳ ደግሞ ቂመኛ ነው ትላለች። አንዴ ከተቆጣ በኋላ ዕድሜ ልኩን ያንኑ ዘይት ሳሙና ውስጥ እንኳ ሲያገኘው ይነሳበታል።

ይህች ሴት ለገበያ አትሆንም። 10 ሚሊ ሊትሯ ጠርሙስ ወደ 200 ጠብታ አላት፤ በስድስት ስድስት ስትቆጥራት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ትበቃታለች። ሻጩ እሷ ስትመጣ ስልኩን ይነካካል። አያ እገሌ ለሦስተኛ ጠርሙስ እያነከሰ ሲመጣ ግን ወንበር ያወጣለታል።